ዘይት የምትጠጣው ማዝዳ
«አሮጌ ማዝዳ አርኤክስ-7 ልገዛ ነው» ካልከኝ፣ ወዳጄ፣ ቀለሟን ተውና ኮምፕሬሽኗን አስለካ እልሃለሁ። ሞተሯ ፒስተን የለውም፤ በፒስተን ፋንታ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር ይሽከረከራል። በየማዕዘኑ ጫፍ ያለችው ቀጭን ማሸጊያ ካለቀች ሞተሩ ይወርዳል። ተራው መለኪያ ደግሞ የሮተሩን ሦስት ፊቶች ለይቶ አያሳይም፤ የራሷን መሣሪያ የያዘ መካኒክ ፈልግ።

ዘይት ትጠጣለች? እንዴታ! ማሸጊያዎቹ እንዳይደርቁ ጥቂት ዘይት አብሮ እንዲቃጠል አድርጎ የሠራት ፋብሪካው ራሱ ነው። ስለዚህ ቤንዚን በቀዳህ ቁጥር የዘይት ልኳን እይ። ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነስተህ ወዲያው አታጥፋ፤ ካንዴላዎቹ በቤንዚን ይርሳሉ።

ዘሯ አይታማም፤ ባለ አራት ሮተሯ ማዝዳ 787ቢ እ.ኤ.አ. በ1991 የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸንፋለች። ቢሆንም ከመግዣው ሌላ የሞተር ማሳደሻ ካልያዝክ አትግዛት።