በሰባ ሁለት እጅ ስላነሰው አይሮፕላን

ታላቁን ነገር አሳንሶ መሥራት የልጅ ጨዋታ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። በከተማችን በደብረ ብርሃን አንድ ሽማግሌ መነጽሩን አድርጎ፥ የጤፍ ፍሬ የምታህል ፕላስቲክ በወረንጦ ይዞ ቢታይ የሚስቅበት ሰው አይታጣም። ነገር ግን የአምሳያ አይሮፕላን ሥራ ሰውን ለምን እንደሚማርክ ማወቅ ለሚወድ አንባቢ ጥቂት ቃል ለመጻፍ አሰብሁ።

የሥራው አኳኋን እንዲህ ነው። የአይሮፕላኑ ክፍሎች በፕላስቲክ ዘንግ ላይ እንደ ፍሬ ተንጠልጥለው በሣጥን ይመጣሉ። ሠሪው እያንዳንዱን በምላጭ ይቈርጣል፥ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፥ ያጣብቃል፥ ክፍተቱን በስቱኮ ደፍኖ ይቀባል፤ በመጨረሻም በውኃ የሚነከሩትን ምልክቶች ይለጥፋል። በከተማችን ብርድ ቀለም ቶሎ አይደርቅምና በታኅሣሥ ውርጭ የሚሠራ ሰው ትዕግሥትን ሳይወድ በግድ ይማራል። እንዲህ ያለው የፕላስቲክ አምሳያ በእንግሊዝ አገር መሸጥ የጀመረው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1936 ነው። ያን ጊዜ የተያዘው ልክ አንድ ሰባ ሁለተኛ ነበረ፤ ይኸውም 6 ጫማ ቁመት ያለው ሰው 1 ኢንች ይሆናል ማለት ነው። ይህ ልክ እስከ ዛሬ ከተወደዱት አንዱ ነው።

ልክ ማለት ማሳነስ ብቻ አይደለም፤ ሁሉን በአንድ ሕግ ማሳነስ ነው እንጂ። ክንፉ በሰባ ሁለት እጅ ሲያንስ በሩም መስኮቱም መንኰራኵሩም በዚያው መጠን ያንሳል። በአምሳያው ላይ 1 ሚሊሜትር የሳተ ሰው በእውነተኛው ላይ 7 ሳንቲሜትር ያህል ስቶአል። ሕጉ ከተጠበቀ ግን በ10 ሜትር ርቀት የቆመ አምሳያ በ720 ሜትር ርቀት ያለውን እውነተኛ አይሮፕላን መስሎ ይታያል። ስለዚህም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኀይል፥ ወታደሮቹ የወዳጅንና የጠላትን አይሮፕላን ለይተው እንዲያውቁ፥ የተማሪ ቤት ልጆች 500,000 አምሳያ እንዲሠሩለት ጠይቆ ነበር። ጨዋታ የተባለው ሥራ እንዲህ ነፍስ የሚያድን ዕውቀት ሆነ።

እኔ የሠራሁት ዳግላስ ሲ 47 የሚባለውን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ ጕዞውን ያደረገው በዚህ ዐይነት አይሮፕላን ነበረ። 29 ሜትር የሆነው ክንፉ በጠረጴዛዬ ላይ 40 ሳንቲሜትር ሆኖአል። የአብራሪዎቹን ክፍል ከነወንበሩና ከነመሪው ቀብቼ ሁለቱን ጎኖች ለማጣበቅ ስዘጋጅ የነፍስ አባቴ መጡና አይተው፦ «ልጄ፥ ከተዘጋ በኋላ ማንም ለማያየው ነገር ለምን ትደክማለህ?» አሉኝ። እኔም፦ «አባ፥ የብራና ጸሐፊ በወስፌ የሚያሰምረውን መስመር አንባቢ ልብ ይለዋልን?» ብዬ መለስሁላቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፦ «መስመሩስ ጽሕፈቱን ይሸከማል፤ ያንተ ቀለም ምን ይሸከማል?» አሉ። ያን ዕለት የምመልሰው ቃል አልነበረኝም፤ መልሱን ያገኘሁት ክንፉ ላይ ስደርስ ነው።

አባቴ በ1950ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ በአይሮፕላን ጥገና ሥራ ተቀጥሮ፥ የአሉሚኒየም ላሜራ በሪቬት ሲያያይዝ የኖረ ሰው ነበረ። ስለ ሥራው ሲጠየቅ «ምስማር እመታለሁ» ከማለት በቀር አይናገርም ነበር። የሪቬት ራስ 5 ሚሊሜትር ቢሆን በአንድ ሰባ ሁለተኛ ልክ የጠጉር ውፍረት ያህል ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ በእውነተኛው ልክ የአባቴ ሥራ አይታይም። የሣጥኑ ሠሪዎች ግን እንዲታይ ብለው ከልኩ አስበልጠው አውጥተውት ነበር። የልኩ ሕግ ፋቀው ይላልና ፋቅሁት፤ ነገር ግን ከመፋቄ በፊት በአንዱ ክንፍ ላይ ያለውን ነጥብ ሁሉ በመርፌ ጫፍ እየነካሁ አንድ በአንድ ቈጠርሁ። ቈጥሬ ለመጨረስ ብዙ ማታ ፈጀብኝ። አባቴ ለራት እንጀራ ሲቈርስ እጁ ለምን ይንቀጠቀጥ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። እንግዲህ የማይታየው ሥራ የሚሸከመው ይህን ነው፤ የሠሪውን ድካም ለሚያውቀው ሰው ያስታውሳል።

በአገራችንም ያልተቈጠረ ድካም ብዙ አለ። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ በአዲስ አበባ የሠራት፥ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው አይሮፕላን በጠላት ተወስዳ፥ በኢጣልያ በብራቻኖ ሐይቅ አጠገብ ባለው የአየር ኀይል ሙዚየም ብዙ ዘመን ቆየች፤ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ሉድቪግ ዌበርን የሚያነሣ ሰው አይጠፋም፤ አብረውት የደከሙትን ኢትዮጵያውያን በስም የሚጠራ ግን ጥቂት ነው። አንድ ወጣት እርስዋን በልክ አሳንሶ ለመሥራት ቢነሣ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራትዋ መለካት፥ እያንዳንዱ ክፍል በማንና እንዴት እንደ ተሠራ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። ተማሪ ቤቶቻችን ለልጆች ምላጭና ማስመሪያ ሰጥተው ይህን ቢያስጀምሩአቸው ወጪው ጥቂት ነው፤ ልጆቹም የአያቶቻቸውን ሥራ በስማ በለው ሳይሆን በገዛ ጣታቸው ያውቁታል።