የተከለ 1፣ ያልተከለ 0

በአገራችን በኢኮኖሚክስ ወይም በግብርና ኢኮኖሚክስ ሁለተኛ ዲግሪ የያዘ ሰው ካገኛችሁ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ርዕስ ሳትጠይቁት ግማሹን ታውቁታላችሁ። «በእንዲህ ያለው ነገር ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድሩ ምክንያቶች፤ የእንትን ወረዳ ሁኔታ»። በባዶው ቦታ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ ብድር፣ የጤና መድን ወይም መስኖ ይገባል። የናሙናው ቁጥር በያማኔ ቀመር ይወጣል፤ መረጃው በሎጂት ወይም በፕሮቢት ይተነተናል፤ መጨረሻው ላይ «የኤክስቴንሽን አገልግሎቱ ይጠናከር» ተብሎ ይዘጋል። የእኔም ከዚህ የተለየ አልነበረም። የቆሰበር ልጅ ስለሆንሁ ወረዳ ለመምረጥ አልተቸገርሁም። ፋግታ ለኮማ አጠገቤ ነው። ርዕሱም ደጄ ላይ ነበር፤ ዲከረንስ።

ዲከረንስን የማያውቅ የአዊ ሰው የለም። ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ወገን ነው። ከቆሰበር በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ ዳንግላ ስትሄዱ ግራና ቀኝ ማሳውን ሞልቶት የምታዩት እሱ ነው። አፈራችን አሲዳማ ነው፤ ኖራ ካልቀመሰ ገብሱም ስንዴውም ልፋትን አይክስም። ዛፉ ግን ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ችግኙ በመጀመሪያው ክረምት ከጤፉ ጋር አብሮ ይገባል። ጤፉ ይታጨዳል፤ በሚቀጥሉት ዓመታት ከዛፉ ሥር የሚበቅለው ሣር ለከብት ይሆናል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ዛፉ ተቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ይከመርና፣ ሣርና አፈር ለብሶ ውስጥ ውስጡን ይከስላል። ከዚያ በጆንያ ሆኖ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። ከሰል በከሰለበት ቦታ ላይ ቀጥሎ የሚዘራው እህል ደግሞ ጠቆር ብሎ ነው የሚነሣው። ገበሬው ይህን ሁሉ ከተመራማሪ አልተማረም፤ ተመራማሪው ነው የተከተለው። እኔም ከተከታዮቹ አንዱ ነኝ።

ማን ይተክላል የሚለውን የተነተንሁበት ፕሮቢት የሚባለው ነገር ስሙ ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። መልሱ አዎ ወይም አይደለም የሆነ ውሳኔ ሲገጥመው፣ ከውሳኔው ጀርባ የማይታይ ዝንባሌ አለ ብሎ ይነሣል። ዝንባሌው አንድ ደፍ ካለፈ 1 ይመዘገባል፤ ካላለፈ 0። ዝንባሌውን የሚያበረቱትና የሚያደክሙት ነገሮች፣ ዕድሜው፣ የማሳው ስፋት፣ የበሬው ብዛት፣ ከመንገድ ያለው ርቀት፣ በቀመሩ ይገባሉ። ሳይለካ የቀረው ሁሉ ደግሞ የደወል ቅርጽ ባለው ኖርማል ሥርጭት ይወከላል። ስሙን ያወጣለት ቼስተር ብሊስ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1934። ብሊስ ያጠና የነበረው ግን የሰው ውሳኔ ሳይሆን የተባይ መርዝ ነው። ይህን ያህል መርዝ ቢሰጥ ከመቶው ተባይ ስንቱ ይሞታል? እያንዳንዱ ተባይ የየራሱ የመቻል ልክ አለው፤ መርዙ ከልኩ ካለፈ ያልቅለታል። ኢኮኖሚስቶች ኋላ ሒሳቡን እንዳለ ወስደው፣ «ይሞታል» በሚለው ቦታ «ይገዛል»፣ «ይበደራል»፣ «ይተክላል» ብለው አስገቡበት። መጀመሪያ ስሰማው ሳቄ መጣ። ተባይ ግን ከጎኑ ያለው ተባይ ስለሞተ አይሞትም፤ ይህ ነገር ቆይቶ ነው የከነከነኝ።

ከዚያ በፊት ግን ሌላ የከነከነኝ ጥያቄ ነበር። ውጤቴን ባቀረብሁበት አንድ ስብሰባ ላይ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ የግብርና ባለሙያ እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ሥልጠና ከሚለው አጠገብ ቁጥር አስቀምጠሃል። እኔ ነገ ሥልጠና ብሰጥ ከመቶ ገበሬ ስንቱ ይተክልልኛል?» አሉኝ። ቁጥሩ ፖዘቲቭ መሆኑንና በ1 በመቶ ደረጃ ጉልህ መሆኑን ነገርኋቸው። «እሱማ፣ ከቁጥሩ ጎን ያለውን ሦስቱን የጉልህነት ኮከብ አይቼዋለሁ» አሉና ተቀመጡ።

መልሱ «እንደ ሰውዬው ነው» የሚል ነው። ከሥልጠና አጠገብ ያለው ቁጥር፣ ማለትም ኮፊሸንቱ፣ 0.5 ነው እንበል። ደፉ ላይ የቆመ፣ የመትከል ዕድሉ 50 በመቶ የሆነ ገበሬ ሥልጠናውን ሲያገኝ ዕድሉ 69 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ከደፉ እጅግ የራቀ፣ ዕድሉ 2.3 በመቶ ብቻ የነበረው ግን ያንኑ ሥልጠና አግኝቶ 6.7 ላይ ይቀራል። ሊተክል የቆረጠው፣ 97.7 በመቶ የነበረው ደግሞ 99.4 ይሆናል፤ ለእሱ አበሉም አዳራሹም በከንቱ ወጣ ማለት ነው። ሥልጠናው አንድ፣ ኮፊሸንቱ አንድ፣ ውጤቱ ግን ለየቅል። በጀት ለሚመድብ ሰው የሚጠቅመው ደፉ ላይ ያለው ማን እንደሆነ ማወቅ ነው፤ እኛ በየጽሑፋችን ጎልቶ እንዲታይ የምናደርገው ኮከቡን ነው።

ደፉ ላይ ያለውን ሰው ለማየት ብዬ ቅጽና መረጃ ሰብሳቢ ሳልይዝ ወደ ማሳው ወረድሁ። ሰንጠረዤ ላይ 1 ተብለው የተመዘገቡ አንድ አባት ዘንድ ሄጄ ለምን እንደተከሉ ጠየቅኋቸው።

«እኔ መቼ ተከልሁ» አሉኝ። «ጎረቤቴ ተከለና አስተከለኝ እንጂ።»

ይዘውኝ ሄደው አሳዩኝ። ሰፊውን ማሳ በዛፍ ሸፍነውት አንዲት ቁራጭ ብቻ ለገብስ አስቀርተዋል። ከቁራጯ በስተምሥራቅ የሰው ዲከረንስ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ከግድግዳው ሥር ያለው ገብስ ከጉልበቴ በታች ነው፤ አገዳው ቀጥኗል፣ ቅጠሉ ገርጥቷል። አንዱን ዛላ ቀንጥበው በመዳፋቸው አሹና እፍ አሉት። ገለባው ሄደ፤ የቀረውን ፍሬ ለመቁጠር የአንድ እጅ ጣት በቂ ነበር። ወደ መሐል ስንገባ ግን ያው ዘር፣ ያው አፈር፣ ገብሱ ወገብ ይደርሳል። «ፀሐዩን ይወስድብኛል፣ ሥሩ ውኃውን ይጠጣብኛል፣ የተረፈውን ደግሞ ጫካውን ተገን ያደረገው ጦጣ ይጨርሰዋል። ታዲያ ምን ላድርግ?» አሉ። እሳቸው ሲተክሉ ደግሞ ከበታቻቸው ያለው ማሳ ጥላ ሆነበት። የዚያ ማሳ ባለቤትም በሰንጠረዤ 1 ነው።

ከዚያው መንደር አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት የነገሩኝ ሌላ ነው። «በሬ የለኝ፣ የሚያርስልኝ ልጅ የለኝ። ለእኩል ብሰጠው ግማሹ የሰው ነው፤ ያውም በቅጡ ካረሰልኝ። ዛፍ ሞፈር አይልም፣ አረም አይልም፤ ዝም ብሎ ይቆማል።» ዲከረንስ የተከሉት ትርፍ አስልተው ሳይሆን አቅም ስላጡ ነው። መንገድ ዳር ችግኝ እያፈላ የሚሸጥ ጎረምሳ ደግሞ የጆንያውን ዋጋ፣ የአክሳዩን ድርሻ፣ የመኪናውን ኪራይ በቃሉ ይዘረግፈዋል። እሱን ትርፍ ሳበው፤ እኒያን እናት ችግር ገፋቸው፤ እኒያን አባት ጥላ ከበባቸው። ሦስቱም 1 ናቸው። የበሬ ቁጥር ከሚለው አጠገብ ኔጌቲቭ ምልክት ስለወጣ ብዙ ገጽ ጽፌ ነበር፤ ከእኒያ እናት ንግግር የተሻለ ዓረፍተ ነገር ግን አላገኘሁበትም።

እዚህ ላይ ዘዴው ከንቱ ነው ማለቴ እንዳይመስል። የፕሮቢት ዘመድ በሆነው በሎጂት ዳንኤል ማክፋደን የሠራውን ማስታወስ ይበቃል። ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ባርት የተባለው ባቡር ሥራ ሳይጀምር፣ ስንት ሰው ይሳፈርበታል ተብሎ ሲጠየቅ ይፋዊው ግምት 15 በመቶ ነበር። ማክፋደን 6.3 በመቶ አለ። ባቡሩ ሲጀምር የተሳፈረው 6.2 በመቶ ሆነ። ይህ ዓይነቱ ሥራው ነው እ.ኤ.አ. በ2000 ለኖቤል ያበቃው። ግን አንድ ሰው በባቡር መሄዱ የጎረቤቱን መኪና አያበላሽበትም። በእኛ ሰፈር የአንዱ ዛፍ የሌላውን ገብስ ያበላሻል፤ ተራው ፕሮቢት ደግሞ የእያንዳንዱ ሰው ውሳኔ ከሌላው የተነጠለ ነው ብሎ ነው ሒሳቡን የሚጀምረው።

ታዲያ «ስንት ጎረቤት ተከለ» የሚል አንድ ተለዋዋጭ መጨመር ነዋ፣ ይለኛል አንባቢ። እኔም ያልሁት ይህንኑ ነበር። ቻርልስ ማንስኪ እ.ኤ.አ. በ1993 ይህን መንገድ የሚያከብድ ጽሑፍ አውጥቷል። መስታወት ፊት የሚንቀሳቀስ ሰውና ምስሉ አብረው ሲንቀሳቀሱ ብታዩ፣ ምስሉ ነው ሰውየውን የሚያንቀሳቅሰው ወይስ ሰውየው ምስሉን? እኒያ አባትና ጎረቤታቸው ሁለቱም የተከሉት አንዱ በአንዱ ተገፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት አሲዳማ አፈር ላይ ስላሉ፣ ወይም ሁለቱም ለአንድ መንገድ ቅርብ ስለሆኑም ሊሆን ይችላል። ከአንድ ጊዜ ቅጽ ይህን መለየት ይከብዳል። ማን ቀድሞ ተከለ የሚለውን ማወቅ ግን ይረዳል፤ እሱን ደግሞ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። የጥላው ጠብ ለሽማግሌ ሲደርስ የሚከራከሩት በዚሁ ነው።

የ0ው ነገር ከ1ዱ ይብሳል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዝገት የመሰለ የፈንገስ በሽታ ዲከረንሱ ላይ ወርዶ ቅጠሉን አጠውልጎታል፣ ብዙ ማሳም አድርቋል። ነቅሎ ወደ ድንችና ወደ ገብስ የተመለሰ ሰው ጥቂት አይደለም። «አሁን ማሳህ ላይ ዲከረንስ አለ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁት «የለም» ይላል፤ 0። ዕድሜ ልኩን ያልተከለውም 0። ምናልባት በሽታ የሚቋቋም ሌላ ዛፍ የሚያስፈልገው አንደኛው፣ ሥልጠና የሚያስፈልገው ሁለተኛው፤ ምክረ ሐሳቡ ግን ለሁለቱም «የኤክስቴንሽን አገልግሎቱ ይጠናከር» ነው። ፕሮቢት በዚህ አይወቀስም። የተሰጠውን ነው የሚፈጨው፤ 0 ምን ማለት እንደሆነ የሚወስነው ጠያቂው ነው።

አሁን በማሰናዳቸው ቅጾች ላይ ማሳው ከእነማን ጋር እንደሚዋሰንና ማን በየትኛው ዓመት እንደተከለ የሚያሳይ ንድፍ አስገባለሁ። ተክሎ የተወ ካለም መቼና ለምን እንደተወ እጠይቃለሁ። ለ«ለምን» ምርጫ አላስቀምጥለትም፤ ሰውየው እንደተናገረው ይጻፋል። መረጃ የሚያስገባልኝ ልጅ በዚህ አይደሰትም። ሰሞኑን ወረቀቱን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ይቺን ‹ጎረቤቴ አስተከለኝ› የምትለዋን በስንት ኮድ ላስገባት?» አለኝ።

«እንዳለች ጻፋት» አልሁት።

«ስታታ እኮ አማርኛ አይቀበልም» አለኝ፤ መረጃውን የምንተነትንበትን ፕሮግራም ማለቱ ነው።

ከ14ኛው እትሙ ወዲህ ይቀበላል አልሁት። ሄዶ ሞከረው፤ ተቀበለው።