«ኤንድ ዜን?»

በደርግ ጊዜ በከተማችን በአንበሳሜ እንግሊዝኛ የሚጀመረው ሦስተኛ ክፍል ነበር። ሰባተኛ ስንገባ ከአማርኛ በቀር ትምህርቱ ሁሉ እንግሊዝኛ ሆነብን። «ኢንግሊሽ ፎር ኒው ኢትዮጵያ» የተባለውን መጽሐፍ ለሦስት ለአራት እንካፈለዋለን። «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እያልን በኅብረት ስንጮኽ ድምፃችን መንገድ ድረስ ይሰማል። ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ባላነሳሁት።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ግን ዓርብ ዓርብ ያስተርኩን ነበር። ተራ የደረሰው ፊት ይወጣና ከቤቱ የሰማውን ተረት ወይም ሰፈሩ ውስጥ የሆነውን ይናገራል። ቢሳሳት አያቋርጡትም። ዝም ሲል ብቻ «ኤንድ ዜን?» ይሉታል። አንድ ቀን ከጉማራ ወንዝ ዳር የሚመጣ ልጅ አባቱ ሐምሌ ላይ በሬ ሲያሻግሩ ጎርፍ እንደወሰደባቸው ተረከ። አባቴ ተሻገረ፣ ጎርፉ መጣ፣ በሬው ሄደ፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ኃላፊ ጊዜ። ሲጨርስ መምህሩ «ጎርፉ ሲመጣ አባትህ ተሻግረዋል ወይስ ገና እየተሻገሩ ነው?» አሉት።

አሰበና «ዋዝ ክሮሲንግ፣ ቲቸር» አለ።

«በሬውስ?»

በሬው ቀድሞ መሐል ገብቶ ኖሯል። «ሃድ ጎን» የሚለውን ልጁ ያን ጊዜ አገኘው፤ እኛም አብረነው አገኘነው። አማርኛችን «ተነሥቶ፣ ወርዶ፣ ወንዙ ዳር ደርሶ» እያለ ብዙ ድርጊት በአንድ ማሰሪያ አንቀጽ ይቋጫል። እንግሊዝኛ ሲተርክ ግን የታሪኩን ግንድ በተራ ኃላፊ ጊዜ ያስኬዳል፤ በዚያ ሰዓት እየሆነ የነበረውንና ከዚያ በፊት ያለቀውን በየራሱ ግስ ይለያል። ይህን የተረዳነው የሚቀድመውንና የሚከተለውን የሚያውቅ ባለታሪክ ፊታችን ቆሞ ስለነበር ነው። ከጣና ወዲያ ማዶ፣ ከአቸፈር የወጣው ደራሲ አቤ ጉበኛም የጣሊያንን ወረራ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1975 በታተመው «ዲፋያንስ» በተባለ ልብ ወለዱ በእንግሊዝኛ ተርኮታል። የእኛ አገር ታሪክ በዚያ ቋንቋ ሊነገር ይችላል ማለት ነው።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን አንደኛ ክፍል አወረደው። በ1997 ወደ ሁለተኛ ደረጃ የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ደግሞ ይናገራል እንጂ ተማሪውን አይሰማም ነበር። ዛሬ የእህቴ ልጅ ደብተር ስለ ኃላፊ ጊዜ በሕግ ተሞልቷል፤ ከ«ኤ» እስከ «ዲ» መምረጥም ትችላለች። ትናንት የሆነውን በእንግሊዝኛ እንድትነግረኝ ስጠይቃት ግን አንገቷን ደፋች። ለካ እስከዛሬ የጠየቃት የለም።

የድሮውን ማሞገሴ አይደለም። ያኔ ክፍላችን ውስጥ ሴቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ብዙ እኩዮቼም ለብሔራዊ ውትድርና ተወስደው ቀርተዋል። ቢሆንም በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ሰበቡ ብዙ ቢሆንም፣ ፈተናውን የሚያነቡት በእንግሊዝኛ መሆኑን ልንዘነጋ አይገባም። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን በአማራ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። እነዚያ ልጆች ከእኛ ይልቅ የሚተርኩት አላቸው።

የእንግሊዝኛ መምህራን ሆይ፣ በሳምንት አንዲት ክፍለ ጊዜ ስጧቸው። ስህተቱን በኋላ ታርሙታላችሁ፤ መጀመሪያ «ከዚያስ?» በሏቸውና አድምጧቸው።