ደብዳቤ ይጻፍ

ከጸሎት ቤቱ ቁልቁል በምትወርደው ጠባብ መንገድ ሥር አንድ የውሃ መውረጃ ቱቦ አለ። ስለዚህ ቱቦ መጀመሪያ የሰማሁት በጁን 2022፣ በጋው እንኳ ብርዱን ሊያስለቅቀው ባልቻለ አዳራሽ ውስጥ፣ በመንደራችን ምክር ቤት ስብሰባ፣ ጆሮዬ ላይ የአስተርጓሚ ማዳመጫ ሰክቼ ነው። ቱቦው ተደፍኗል፤ ዝናብ ሲበረታ ውሃው መንገዱን አቋርጦ ያልፋል። ጸሐፊዋ ጉዳዩ ከአምና ጀምሮ በአጀንዳ ተይዞ እንደሚገኝ አስታወሰች። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁና "ደብዳቤ ይጻፍ" አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ጸሐፊዋ መዘገበች። ወደ ውሻ ኩስ ጉዳይ ተሻገርን።

እኔ በሆዴ "አካፋ ያለው ሰው ጠፍቶ ነው?" አልኩ። ከተቀመጥነው መካከል ሦስቱ በግ አርቢዎች ናቸው፤ ትራክተር እንኳ አላቸው። በሻይ ሰዓት አፍ አውጥቼ ጠየቅሁ። ሰብሳቢው በትዕግሥት አስረዱኝ፤ መንገዱ የአውራጃው ነው፣ ቱቦውም የአውራጃው ነው፣ የሰው መንገድ ቆፍሮ አንድ ነገር ቢፈጠር ኢንሹራንሱ ማንን ይዞ ይጠይቃል? የእኛ ሥራ ለአውራጃው መንገር ነው። "እሺ ባይሉስ?" አልኩ። "እንደገና እንነግራቸዋለን" አሉኝ።

እዚያ አዳራሽ የገባሁት አስቤበት አይደለም። የምኖረው በምዕራብ ዌልስ፣ ከካርዲጋን ባሕረ ሰላጤ ጥቂት ወደ ውስጥ በገባች መንደር ነው፤ ሥራዬ ነርስነት ነው። በዚያ ዓመት ሜይ 5 ቀን በመላው ዌልስ የአካባቢ ምርጫ ነበር። የእኛ ምክር ቤት ሰባት ወንበር ሲኖረው የተመዘገበው ዕጩ አራት ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ማንም ድምፅ ሳይሰጥ አራቱም አለፉ። የጎደለውን ምክር ቤቱ ራሱ ሰው ፈልጎ ይሞላዋል። ማስታወቂያ ተለጠፈ። ጸሐፊዋ ግን ያንን ሰሌዳ የሚያነበው ዝናቡ ብቻ እንደሆነ ስለምታውቅ ክሊኒክ ድረስ መጣችብኝ። "እኔ እኮ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው" አልኳት። "ሕጉ ተለውጧል" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በ2021 የወጣው የዌልስ ሕግ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ ዜጋም በአካባቢ ምርጫ እንዲመርጥና እንዲመረጥ ይፈቅዳል።

ደሴ ላደገ የእኔ ዕድሜ ሰው የመንደር ምክር ቤት ሲባል ፊቱ ድቅን የሚለው ቀበሌ ነው። የእሁድ ጠዋት ስብሰባ፣ የስም ጥሪ፣ የቀረ ሰው ደግሞ ስኳር ሊወስድ ቀበሌ ሱቅ ሲሄድ የሚጠብቀው ፊት። እናቴ ታመው እንኳ አይቀሩም ነበር። አሁን ግን አንድ ምክር ቤት ሰው አጥቶ በሬ ላይ ቆሞ ይለምነኛል። እምቢ ማለት አቃተኝ።

ስብሰባው የሚካሄደው በዌልሽ ቋንቋ ነው። ምክር ቤቱንም በስሙ ሲጠሩት "ክንጎር ክሚኔድ" ይሉታል። አስተርጓሚው ጥግ ላይ ተቀምጦ እንደሚጸልይ ሰው በለሆሳስ ያወራል፤ ማዳመጫ የምንሰካው እኔና አንድ ጡረታ የወጡ እንግሊዛዊ ነን። ቀልድ ሲነገር አምስቱ ይስቃሉ፤ ትንሽ ቆይቶ እኛ ሁለታችን እንስቃለን፤ በእኛ መዘግየት አምስቱ እንደገና ይስቃሉ። አንድ ነገር ግን ቀንቶኛል። በዌልሽ "ኽ" የምትባለው ድምፅ ብዙ ናት፤ ምስጋናው "ዲዮልኽ" ነው። እንግሊዛዊው ጎረቤቴ ሃያ ዓመት ታግለዋታል። እኔ ደግሞ "ከቤት" ማለት ትተው "ኸቤት" የሚሉ የወሎ ገጠር አያት ያሳደጉኝ ነኝ። ሰብሳቢው በሁለተኛው ወር "ባኽ" ብለው ጠሩኝ፤ ቃሉ "ትንሽ" ማለት ነው፣ አጠራራቸው ግን ልክ እንደኛ "የኔ ልጅ" ነበር። በ"ኽ" ብኩራራም የቦታ ስም መጀመሪያ ላይ በሁለት "ኤል" የሚጽፏት ድምፅ እስከ ዛሬ ምላሴን ታስረዋለች።

ዓመቱን ሙሉ የምናንቀሳቅሰው ገንዘብ ደህና ያገለገለ መኪና ቢገዛ ነው። የሚሰበሰበው አውራጃው ከሚያስከፍለው የቤት ግብር ላይ ተጨምሮ ነው፤ ስለዚህ በጃንዋሪ አንድ ፓውንድ እንጨምር አንጨምር ብለን አንድ ሙሉ ማታ እንከራከራለን። የሚወጣውም ለጸሐፊዋ ደመወዝ፣ ለኢንሹራንስ፣ ለአዳራሽ ኪራይ፣ ለኦዲት፣ ለመቃብር ቦታው ሣር ማሳጨጃ ነው። ከዚያ የሚተርፈው ለስልክ ቤቷ ነው። ቀይዋን የስልክ ቤት ምክር ቤቱ እኔ ሳልመጣ ከስልክ ኩባንያው በ1 ፓውንድ ገዝቷታል፤ ዋጋው ለሁሉም አካባቢ ያው 1 ፓውንድ ነው። አሁን ውስጧ ያለው ልባቸው ለቆመ ሰዎች የሚሆን ዲፊብሪሌተር ነው። ነርስ ስለሆንኩ ቁልፉ ለእኔ ተሰጠ፤ በየወሩ አረንጓዴ መብራቱ መብራቱንና ደረት ላይ የሚለጠፈው ነገር ጊዜው አለማለፉን አይቼ እፈርማለሁ። ከሥልጣኔ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

ስለ ገንዘብ ካነሳሁ የራሴንም ልናዘዝ። ለአባላት ለወጪ መሸፈኛ በዓመት 156 ፓውንድ ይታሰባል፤ የማይፈልግ በጽሑፍ ይተወዋል። እኔ የተሰጠኝን ተቀበልኩ። ለካ ስድስቱም ከጥንት ጀምሮ መተዊያውን ወረቀት እየፈረሙ ኖሯል። ማንም ትንፍሽ አላለም። ግን ሕጉ ለማን ምን እንደተከፈለ በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጥ ይላል፤ ሴፕቴምበር ላይ ያ ማንም የማያነበው ሰሌዳ ላይ ስድስት ዜሮና አንድ 156 ተለጠፈ። በዚያ ሳምንት ሰሌዳውን ያላነበበ ሰው አላጋጠመኝም።

በመጀመሪያው ክረምት አንድ ማታ የግንባታ ጥያቄ ቀረበልን፤ የከብት በረት ነው። ውሳኔው የአውራጃው ነው፣ እኛ አስተያየት ብቻ እንጠየቃለን። ሰብሳቢው እንደ ደንቡ "በጉዳዩ ጥቅም ያለው ያሳውቅ" አሉ። አመልካቹ አባል ናቸው፤ ተነስተው ወጡ። ቀጥሎ የአጎታቸው ልጅ ተነሱ። ቀጥሎ የግጦሽ መሬት የሚያከራዩአቸው ተነሱ። እንግሊዛዊው "የእኔ አጥር ከበረቱ ጋር ይዋሰናል" ብለው ካፖርታቸውን አነሱ። ሰብሳቢው በጣታቸው ቆጠሩ፤ እሳቸው፣ አንዲት ወጣት መምህርትና እኔ። ምልዓተ ጉባኤ ሦስት ሰው ነው። "ማናችሁም እንዳታስነጥሱ" አሉ። አራቱ ውጭ በዝናብ ከለላ ሥር ሲጋራ እያጨሱ ስለዚያው በረት እንደሚያወሩ በመስኮቱ ይሰማል። እኛ ደግሞ፣ ስለ እበት ማጠራቀሚያ ከደሴ የመጣች ነርስ ምን ታውቃለች ብሎ የሚጠይቅ ሳይኖር፣ ተቃውሞ እንደሌለን፣ ግን የጣሪያው ውሃ ወደ መንገዱ እንዳይለቀቅ አጽፈን ጨረስን። የጣሪያውን ውሃ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ቱቦው ቀስ በቀስ የኔም ጉዳይ ሆኖ ኖሯል።

በመላው ዌልስ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ የመኪና ፍጥነት በሰዓት ከ30 ወደ 20 ማይል የወረደው በሴፕቴምበር 17 ቀን 2023 ነው። በዚያ ሰሞን አሥራ አንድ ሰው ታዳሚ መጣልን፤ ከዚያ በፊትም በኋላም እንዲህ ሞልቶ አያውቅም። ሁለት ሰዓት ተጮኸብን። ሕጉን ያወጣነው እኛ አይደለንም ብሎ የመለሰ የለም፤ ሰብሳቢው እስከ መጨረሻው ሰምተው "ደብዳቤ ይጻፍ" አሉ።

እነዚህ ምክር ቤቶች በ1974 ነው የቀድሞዎቹን የደብር ምክር ቤቶች የተኩት። ጸሐፊዋ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ያሉትን መዝገቦች ወደ ቤተ መዛግብት ሳትልክ በፊት አንድ ቅዳሜ ቤቷ ጠራችኝ፤ ባራ ብሪት የሚሉትን ዘቢብ የበዛበት ዳቦ ቆርሳ፣ ቅቤ ቀብታ፣ መዝገቡን ገለጠችልኝ። ዌልሹን እየተረጎመችልኝ ስታነብ 1987 ላይ ቆመች። ከጸሎት ቤቱ በታች፣ ቱቦ፣ ውሃ መንገዱን ያቋርጣል፣ ደብዳቤ ይጻፍ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ። በሚቀጥለውም። አሥራ ዘጠኝ ወር ቆጠርን፤ ከዚያ "ተጠግኗል" የሚል አንድ ቃል። ፈርመው ያጸደቁት የአሁኑ ሰብሳቢ አባት ናቸው።

ዲሴምበር 6 ቀን 2024 ዓርብ ምሽት ስልካችን ሁሉ ባንድ ጊዜ ጮኸ። "ዳራ" የተባለው ማዕበል እየመጣ ነው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 5 ሰዓት ቀይ ማስጠንቀቂያ። መልእክቱ በዌልስና በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ወደ ሦስት ሚሊዮን ለሚሆን ሰው ነው የተላከው። ሌሊቱን ጣሪያችን ሲያቃስት አደረ። ሲነጋ መብራት የለም፣ የስልክ መስመር የለም፣ ከጸሎት ቤቱ ጓሮ አንድ ትልቅ ዛፍ ተገንድሷል። ከመንገዱ ማዶ በኤሌክትሪክ በሚሠራ የኦክስጅን መሣሪያ የሚተነፍሱ አንዲት አሮጊት አሉ። መጠባበቂያ ሲሊንደር እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ለስንት ሰዓት እንደሚበቃ ግን ማየት ነበረብኝ። ወርጄ ብሄድ ቱቦው ጋ ውሃው ከጉልበት በላይ ነው።

ነፋሱ ሲበርድ ሰብሳቢው በትራክተር መጡ። ማን እንደጠራቸው አላውቅም። ጋቢናው ውስጥ ወንበሩ አንድ ስለሆነ ከጎናቸው ጎንበስ ብዬ ቆምኩ። ውሃው መሐል ሞተሩን ቀንሰው ቁልቁል ተመለከቱና "ቃለ ጉባኤው ላይ አለ" አሉ። ሳቅ አመለጠኝ። አሮጊቷ ደህና ነበሩ፤ እንዲያውም በጋዝ ምድጃ ሻይ አፍልተው ጠበቁን። ስንመለስ ሰብሳቢው ምንም ሳይሉ ወረዱ፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው እጃቸውን እስከ ብብታቸው ውሃው ውስጥ ከተቱና የቱቦውን አፍ የዘጋውን ቅርንጫፍ ይጎትቱ ጀመር። እኔም ወረድኩ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ውሃው ሲስብ እግሬን ይዞኝ ሊሄድ ነበር።

በጃንዋሪው ስብሰባ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ በጆሮዬ የመጣው ይህ ነው፤ "በማዕበሉ ወቅት በቱቦው አፍ ላይ የነበረው ቅርንጫፍ ተነስቷል።" በማን? አይልም። ቀና ብዬ ጸሐፊዋን አየኋት፤ እሷ ወረቀቷን ታያለች። ሰብሳቢው ቀኝ እጃቸው ላይ ያለውን ፕላስተር እየነካኩ "ማስተካከያ ያለው አለ?" አሉ። የለም። ፈረሙ።

በኤፕሪል አንድ ማክሰኞ ማንም ሳይነግረን ቆፋሪ ማሽን መጣ። ሁለት ሠራተኞች አሮጌውን ቱቦ አውጥተው ሰፋ ያለ አስገቡ፤ አስፋልቱን ደፍነው ሐሙስ ሄዱ። በሜይ ስብሰባ ጸሐፊዋ "እንግዲህ ይህን ከአጀንዳ ላውጣው?" ብላ ጠየቀች። ዝም አልን። እንግሊዛዊው አንድ ክረምት ይለፍበት አሉ፤ መምህርቷ ደገፈች። እኔ ደግሞ እጄን አወጣሁና በተሰባበረ ዌልሽ፣ ያለ አስተርጓሚ፣ ለአውራጃው የምስጋና ደብዳቤ ይጻፍ አልኩ። እንደዚያ ያለ ደብዳቤ ተጽፎ አያውቅም ኖሮ ጸሐፊዋ በየትኛው ፋይል እንደምታስቀምጠው ግራ ገባት።

መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ፤ ስለ ቱቦው ያቀረባችሁት አቤቱታ ደርሶናል፣ አዲስ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ በተራው ይታያል።