ባዶው ወንበር

የፈረንሳዩ ሰዓሊ ክሎድ ሞኔ ከሣላቸው የባሕር ሥዕሎች ውስጥ እኔን የሚይዘኝ ትንሹ ነው። ቁመቱም ወርዱም ግማሽ ሜትር አይሞላም። «የትሩቪል ባሕር ዳርቻ» ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1870 በጋ የተሣለ ሲሆን፣ ንብረትነቱ የለንደኑ ብሔራዊ የሥዕል ቤት ነው። እኔ የማውቀው በመጽሐፍ ታትሞ ነው። ሁለት ሴቶች አሸዋው ላይ ወንበር አስጠግተው ተቀምጠዋል። ነጭ የለበሰችው፣ በዚያው ሰሞን ሰዓሊው ያገባት ካሚይ እንደሆነች ይታመናል። ሌላዋ ጥቁር ለብሳ ንባቧ ላይ አቀርቅራለች። አይነጋገሩም፤ ወደ ባሕሩም አያዩም። በመካከላቸው አንድ ባዶ ወንበር አለ።

ባለሙያዎች ሥዕሉን ሲመረምሩ ቀለሙ ውስጥ የአሸዋ ቅንጣት አግኝተዋል። ሰውየው ሸራውን እዚያው ነፋስ ላይ አቁሞ ሲሥል ባሕር ዳሩ ራሱ ገብቶበታል ማለት ነው። በዚያው ሐምሌ ፈረንሳይና ፕሩሲያ ጦርነት ገጥመው ነበር፤ ሞኔም ብዙ ሳይቆይ ወደ ለንደን ተሰደደ። ሥዕሉ ላይ ግን የጦርነት ወሬ የለም። መቀመጥ ብቻ ነው ያለው።

ይህ መቀመጥ ነው እንግዲህ እኔን የሚቆረቁረኝ። ትሩቪልን የፓሪስ ሰው መዝናኛ ያደረጋት እ.ኤ.አ. በ1863 የደረሰላት ባቡር ነው። የእኔን ከተማ ድሬዳዋንም የወለዳት ባቡር ነው፤ ያውም በፈረንሳዮች ኩባንያ የተዘረጋ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ከጅቡቲ የደረሰ። ሐዲድ ያው ሐዲድ፤ ጫፉ ላይ ያለውም ያው ባሕር። ነገር ግን ከእኛ ሰፈር በዚያ ባቡር ተሳፍሮ፣ ወንበር ዘርግቶ ባሕር ሊመለከት የሄደ ሰው አላውቅም።

እናቴ በዚያ ባቡር ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች እሷም አትቆጥረው። ከዚህ አትክልት ይዛ ትሄዳለች፤ ከዚያ ድሪያና ሽቶ፣ አንዳንዴም ቴምር ይዛ ትመለሳለች። ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ እያልን እኛ ልጆቿ ጣቢያዎቹን እንደ ጸሎት እንደረድራቸው ነበር፤ ፍተሻው የቱ ጋ እንደሚከብድ ሳይቀር እናውቃለን። አንድ ቀን ባሕሩ ምን እንደሚመስል ጠየቅኳት።

«ይሸታል» አለችኝ።

ሌላስ?

«ሌላማ፣ ዕቃዬን ለማን ጥዬ ልየው?»

ባለፈው ጥር ሐርላ ይዣት ወጣሁ። ከከተማው ሩቅ አይደለም። በልጅነታችን ሐርላ የግዙፋን አገር ነበረች፤ እነዚያን ድንጋዮች ተራ ሰው አያነሳቸውም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ጢሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያ ባለሙያዎች ጋር ቆፍሮ ያገኘው ግን ግዙፋንን ሳይሆን ነጋዴንና አንጥረኛን ነው፤ የ12ኛው መቶ ዘመን መስጊድ፣ የመስታወት ዶቃ፣ ከቻይና የመጣ የሸክላ ስባሪ፣ የግብፅ ሳንቲም። እኔን ከሁሉ የደነቀኝ ዛጎሉ ነው። ከባሕር እየመጣ ሐርላ ላይ ተቆርጦና ተሞርዶ ጌጥ ይሆን ነበር። ያንን ሲያለሰልሱ ከዋሉት እጆች ባለቤቶች ስንቱ ባሕሩን አይቶት ይሆን?

ይህን ሁሉ ለእናቴ አብራራሁላት። ጉልበቷን ስለሚያማት ድንጋይ ላይ አረፍ ብላ ሰማችኝና፣ «በግመል ስንት ቀን ይፈጅባቸው ነበር? ቀረጡንስ ለማን ነበር የሚከፍሉት?» አለች። የነጋዴ ጥያቄ ነው፤ ከእኔ አድናቆት ይሻላል።

መጽሐፉን ይዤው ስለነበር ሥዕሉን ገልጬ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ቆየችበት። ነጭ የለበሰችውንም ጥቁር የለበሰችውንም አልፋ ጣቷን ያሳረፈችው ባዶው ወንበር ላይ ነው።

«ይቺ ደግሞ የት ሄዳ ነው?»

«እማዬ፣ ጉልበትሽ ሻል ሲልሽ ጅቡቲ ልውሰድሽ። ምንም ዕቃ ሳንይዝ። ባሕሩ ዳር ሄደን እንቀመጣለን።»

ከመጽሐፉ ላይ ቀና ብላ፣ የሚያሾፍባት መስሏት ይሁን አይሁን፣ ፊቴን መረመረች።

«እሺ፤ ተቀምጠንስ ምን እንሠራለን?»