እሽግ መልእክትን መፍታት፦ «ባህል አዳራሽ» በሃያ ሁለት ባይት

በሐዋሳ ከተማ «ባህል አዳራሽ» ማለት ለባጃጅ ነጂውም ለጉባኤ ለመጣው እንግዳም ይበቃል፤ ተጨማሪ ማብራሪያ የሚጠይቅ የለም። ከአንድ የኮምፒውተር ሂደት ወደ ሌላው የሚላክ ከሆነ ግን ይኸው ስም ብዙ ማብራሪያ ይፈልጋል። ለዓይን ሰባት ፊደላትና አንድ ክፍት ቦታ ነው፤ ድምሩ 8። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ በመልእክቱ ውስጥ የሚጓዘው 22 ባይት ነው። «ባ» ብቻዋን 225፣ 137 እና 163 የተባሉ ሦስት ቁጥሮች ሆና ትሄዳለች።

በትይዩ ፕሮግራሞች ዓለም መልእክትን ማሸግና መፍታት የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የተጀመረው ፒቪኤም ላኪው እያንዳንዱን ዓይነት ውሂብ በየተራ እንዲያሽግ፣ ተቀባዩም በዚያው ተራ እንዲፈታ ያዝዝ ነበር። በ1994 የወጣው የኤምፒአይ መስፈርትም ይህንን አሠራር «ፓክ» እና «አንፓክ» በተባሉ ተግባሮች አቆይቶታል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሦስት ትንንሽ መልእክቶችን ለየብቻ ከመላክ አንድ እሽግ መላክ የመነሻ መዘግየቱን አንድ ጊዜ ብቻ ያስከፍላል።

ችግሩ እሽጉ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የሌለው መሆኑ ነው። በውስጡ የሚገኘው ኢንቲጀር ይሁን ጽሑፍ፣ ስንት ይሁን፣ የሚያውቀው አስቀድሞ የተስማማ ተቀባይ ብቻ ነው። ሲዳማ ለዚህ የራሱ አብነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ፍቼ ጨምበላላ የሚውልበትን ቀን የሚወስኑት ከዋክብትን የሚመለከቱ አዋቂዎች ናቸው፤ ውሳኔያቸውም ለየጎሳው ይነገራል። አዋጁ ቀኑን ብቻ ቢናገር ይበቃል፤ ሥርዓቱን ሰሚው ያውቀዋልና። ኮምፒውተር ግን ስምምነቱ ሲጓደል አያጉረመርምም።

አንድ የከተማ ቦታዎች መዝገብ በብዙ ሂደቶች መካከል ይከፋፈላል እንበል። እያንዳንዱ እሽግ የቦታውን መለያ ቁጥር፣ የስሙን ርዝመት፣ ስሙን፣ በመጨረሻም ኬክሮሱን በአስርዮሽ ቁጥር ይይዛል። ላኪው በርዝመቱ ቦታ የፊደላቱን ብዛት ማለትም 8 ጽፎ፣ ስሙን ግን ሙሉውን 22 ባይት ቢያሽግ ተቀባዩ 8 ባይት ይፈታል። «ባህ» በደኅና ይደርሳል፤ ከ«ል» ግን ሁለት ባይት ብቻ ነው የሚወጣው። የመፍቻው ጠቋሚ እዚያው ላይ ቆሟል። ቀጣዩ ጥሪ ኬክሮስን ሲጠይቅ ከተረፈው የ«ል» ባይት፣ ከ141፣ ጀምሮ 8 ባይት ያነሳና ቁጥር ነው ብሎ ይሰጣል። በእሽጉ ውስጥ በቂ ባይት ስላለ የስህተት መልእክት አይወጣም። የሐዋሳ አዳራሽ የራሱ ባልሆነ ኬክሮስ ይመዘገባል፤ ፕሮግራሙም ሥራውን ይቀጥላል።

ይህን ስህተት አሳሳቢ የሚያደርገው በሙከራ ጊዜ ሊሰወር መቻሉ ነው። የሲዳማ ቋንቋ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ እዚያ አንድ ፊደል አንድ ባይት ነው። የአዳራሹ ስም በሲዳምኛ ሲጻፍ ያው ፕሮግራም ትክክል ይሠራል፤ በአማርኛ ሲጻፍ ይበላሻል። ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን በሚኖሩባት ከተማ በአንዱ ብቻ የተሞከረ ፕሮግራም እንደ ተሞከረ ሊቆጠር አይገባም።

ሌላም ወጥመድ አለ። በኤምፒአይ መልእክት መቀበያው ላይ የሚሰጠው ብዛት የላይኛው ወሰን ነው፤ ያነሰ ቢመጣም ችግር የለም። በ«አንፓክ» ላይ የሚሰጠው ብዛት ግን ትክክለኛው ብዛት ነው። ምክንያቱም እሽጉ ውስጥ ያለው ሁሉ በአንድ ጥሪ ይወጣል የሚል ግምት የለም፤ ምን ያህል እንደሚወጣ የሚወስነው ተጠቃሚው ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያነብ ሰው «እስከ 64» ብሎ ያሰበውን «ልክ 64» ብሎ ያዝዛል።

የባይት ቅደም ተከተልም አለ። ትልቁን ባይት አስቀድሞ የተጻፈ ባለ 4 ባይት 22 ትንሹን በሚያስቀድም ማሽን በጥሬው ቢነበብ 369,098,752 ይሆናል። ፒቪኤም በነባሪነት ኤክስዲአር የተባለውን የጋራ አጻጻፍ የመረጠው ለዚህ ነበር። በኤምፒአይም ዓይነቱ በትክክል ከተገለጸ ቤተ መጻሕፍቱ ልወጣውን ይሠራል፤ ሁሉን «ባይት» ብሎ ማሸግ ግን ይህን ጥበቃ ያስቀራል።

ታዲያ ማሸግ ይቅር? ቅርጹ የማይለወጥ መዝገብ ከሆነ የተቀናበረ የውሂብ ዓይነት መግለጽ ይሻላል፤ ጠቋሚ መከታተልም አያስፈልግም። የኋለኛው ክፍል ርዝመት በፊተኛው ላይ ሲመሠረት ግን፣ እንደ ስሙ ሁሉ፣ ደረጃ በደረጃ መፍታት ቦታው ነው። ያኔ የሚታሸገው ርዝመት የባይቶቹ ብዛት እንጂ የፊደላቱ መሆን የለበትም።

ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ በእኩል ባይት ተቆርጦ ለሂደቶች ሲታደልም ድንበሩ በፊደል መካከል ሊወድቅ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። በዩቲኤፍ-8 ተከታይ ባይቶች ሁልጊዜ ከ128 እስከ 191 ናቸው፤ መሠረታዊዎቹ የግእዝ ፊደላት ደግሞ በ225 ይጀምራሉ። ስለዚህ ተቀባዩ ሂደት ከቁራጩ መጀመሪያ ላይ ተከታይ ባይት ካገኘ፣ ለግእዝ ፊደል ቢበዛ ሁለት ናቸውና፣ እነሱን ለቀደመው ጎረቤቱ መልሶ ልኮ ከቀጣዩ ፊደል ይጀምራል።