የጥቅምት 29 እና 30 ጉዳይ፦ ከአር ቋንቋ ጋር የመጀመሪያ ትውውቅ

የስታቲስቲክስ ፕሮግራሚንግ ኮርስ የሚጀምር ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚፈራው የስህተት መልእክትን ነው። ቅንፍ ሲጎድል ወይም የፋይሉ መገኛ ሲሳሳት ኮምፒውተሩ ይጮኻል፤ ተማሪውም ይደነግጣል። ከገደብ ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ወደ ዲላ የመጣች አንዲት ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተማረችው ግን ከሚጮኸው ስህተት ይልቅ ዝም የሚለው እንደሚከፋ ነው።

ኮርሱ የሚሰጠው በአር ቋንቋ ነበር። አርን በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሮስ ኢሃካ እና ሮበርት ጀንትልማን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሠሩት፤ መነሻቸውም በቤል ላቦራቶሪዎች የተወለደው ኤስ የተባለው ቋንቋ ነበር። አር ክፍያ አይጠየቅበትም፤ አንድ ጊዜ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ለዚህች ተማሪ ሁለቱም ትልቅ ነገር ነበሩ።

መምህሩ እያንዳንዱ ተማሪ ከራሱ አካባቢ መረጃ ይዞ እንዲመጣ አዘዙ። እርሷም አባቷ በአንድ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ ሚዛን ላይ ተቀምጠው በእጃቸው የጻፉትን የ2015 ዓ.ም. መዝገብ አመጣች። ዓምዶቹ ሦስት ነበሩ፦ ቀን፣ የአቅራቢው መለያ ቁጥር እና ኪሎ። ቀይ ቡና በአንድ ጊዜ ተለቅሞ ስለማያልቅ፣ አንድ አርሶ አደር በአማካይ በስንት ቀን ልዩነት እንደሚያስረክብ ማወቅ ፈለገች።

አማካዩን ስትጠይቅ አር ቁጥር አልሰጣትም፤ ‹‹ኤን ኤ›› የሚሉ ሁለት ፊደላትን ብቻ አሳያት። አር ከመረጃው አንዱ እንኳ ቢጎድል አማካዩን አይነግርም። የጎደሉትን ትቶ እንዲያሰላ የሚያዝ አማራጭ መኖሩን ከጓደኛዋ ሰማች፤ ጨመረችው፤ ቁጥር ወጣ። ሪፖርቷንም አስረከበች።

ጥርጣሬ የገባት በየቀኑ የገባውን ኪሎ በግራፍ ስትስል ነው። በጥቅምት ማብቂያ ሁለት ቀን ባዶ ነበር። ማታ ወደ ገደብ ደወለች።

‹‹አባባ፣ ጥቅምት 29 እና 30 ሥራ አልነበረም እንዴ?››

‹‹እንዴት አይኖርም ልጄ? ጥቅምት 30 ሰልፉ እስኪያልቅ በባትሪ ብርሃን ነው የመዘንነው። አልጻፍኩትም?››

ጽፈውታል። መዝገቡ ላይ አለ፤ የጠፋው ኮምፒውተሩ ላይ ነው።

አር ቀንን የሚያነበው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። 2015-02-30 ተብሎ የገባውን ጥቅምት 30 ‹‹ፌብሯሪ 30›› ብሎ አነበበው፤ እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለም በ‹‹ኤን ኤ›› ተካው። 29ኛውም እንዲሁ ሆነ። 13ኛ ወር ስለማያውቅ ጳጉሜን የተመዘገበ ነገር ቢኖር ኖሮ እርሱም በጠፋ ነበር። ማስጠንቀቂያ ግን አልሰጠም። ከጎደሉት ቀናት ይልቅ ያልጎደሉት የባሰ አሳሳቱ። ከኅዳር 30 እስከ ታኅሣሥ 1 ያለውን አንድ ቀን፣ ሦስተኛውን ወር እንደ ማርች 31 ቀን ስለቆጠረው ሁለት አደረገው። ከጥቅምት 28 እስከ ኅዳር 1 ያለውን ሦስት ቀን ደግሞ አንድ ብቻ አለው።

መፍትሔው ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ከራሱ ተገኘ። ወሮቹ እኩል 30 ቀን ስለሆኑ ስሌቱ ቀላል ነው፦ ዓመቱ በ365 ይባዛል፤ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል የሚገኘው ሙሉ ቁጥር ይደመራል፤ ከወሩ ቁጥር 1 ተቀንሶ በ30 የተባዛው ይጨመራል፤ በመጨረሻ የቀኑ ቁጥር ይታከላል። ተማሪዋ በሕይወቷ የመጀመሪያውን ፈንክሽን የጻፈችው በዚህ ስሌት ነው። ስትፈትነው ከጥቅምት 30 እስከ ኅዳር 1 አንድ ቀን አለ። ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት በ2015 ዓ.ም. ማብቂያም ከጳጉሜን 6 እስከ መስከረም 1 ቀን 2016 አንድ ቀን አለ።

ሪፖርቷን ከመምህሩ መልሳ ወስዳ አስተካከለች፤ አማካዩም ተለወጠ። መምህሩ ስህተቱንና እርማቱን ለክፍሉ እንድታቀርብ አደረጓት። በአገራችን የጤና ጣቢያ፣ የቀበሌና የኅብረት ሥራ ማኅበር መዛግብት ላይ የሚሠራ ተመራማሪ ሁሉ ይኸው ወጥመድ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ቀኖቹ ከተለወጡ በኋላ ስንት ረድፍ ባዶ እንደሆነ መቁጠር፣ ባዶዎቹ የትኞቹ ቀናት እንደሆኑ ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር፣ ‹‹የጎደሉትን ተው›› የሚለውን ትእዛዝም ከዚያ በፊት አለመጻፍ ይገባል። በዚያች ተማሪ ፋይል ውስጥ የተተዉት ሁለት ቀናት አርሶ አደሮች ቡናቸውን ተሸክመው የተሰለፉባቸው፣ አባቷም እስከ ሌሊት የመዘኑባቸው ነበሩ።